ሣጥኑ ከተዘጋ በኋላ

በስደት ዓለም በአማርኛ የሚታተሙ ጋዜጦች፣ የኪነ ጥበብ ክበቦችና የማኅበረሰብ ማዕከሎች አልፎ አልፎ የአጭር ልቦለድ ውድድር ያዘጋጃሉ። አሠራሩ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ለውድድሩ የቀረቡት ታሪኮች በየተራ ይታተማሉ፤ በመጨረሻው እትም ላይ ትንሽ የድምፅ መስጫ ወረቀት ይወጣል፤ አንባቢው ወረቀቱን ቆርጦ የወደደውን ታሪክ ርእስ ይጽፍና በምግብ ቤቱ ገንዘብ ተቀባይ አጠገብ በተቀመጠው ካርቶን ውስጥ ይጨምራል። ክትፎ የሚጠብቀውም፣ ቡና የሚጠጣውም፣ እንጀራ ገዝቶ የሚወጣውም ይጨምራል። ቀኑ ሲደርስ ካርቶኑ በፕላስተር ይታሸጋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ካርቶኑ ማን ቤት እንዳደረ፣ ማን እንደቆጠረው፣ ስንት ወረቀት እንደወጣበት የሚናገር የለም። «ውጤቱ በቅርቡ ይገለጻል» የምትል አንዲት መስመር ትታተማለች። «በቅርቡ» ማለት ደግሞ በሐበሻ አቆጣጠር ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት በዓል ሊደርስ ይችላል።

ሰው ባዶ ጊዜ ሲያገኝ በወሬ ይሞላዋል። አንዱ «አንደኛ የወጣችው እኮ ታውቃለች፤ ስሟን እንዳልናገር ለምነውኝ ነው» ይላል። ሌላው «የእነ እገሌ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥተው ሣጥኑን ሞልተውት ሄዱ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ጋዜጣውን በክምር ወስዶ መኪናው ውስጥ ወረቀቱን ሲቆርጥ የታየ ሰው አለ ብሎ ይምላል። ይህ የመጨረሻው ወሬ እውነት ባይሆን እንኳ ሊሆን የሚችል ነው። ጋዜጣው በነጻ ስለሚታደል ኃምሳ ቅጂ ያነሣ ሰው ኃምሳ ድምፅ አነሣ ማለት ነው። ውጤቱ በዘገየ ቁጥር እነዚህ ወሬዎች ይበስላሉ፤ በመጨረሻ አሸናፊው ሲነገርም ሁሉም አስቀድሞ ያመነውን ይዞ ይቀራል። ያሸነፈው ሰው ሽልማቱን የሚቀበለው በጭብጨባና በጉርምርምታ መካከል ነው። ታሪኩ ምርጥ ቢሆንም እንኳ ይህ ዕጣ አይቀርለትም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ተደብቆ የሚቆጠር ድምፅ ግን እያደር ይጠቁራል።

«ለአንድ ተረት ይህን ያህል ወሬ ምንድነው?» የሚል አይጠፋም። ለመሆኑ የሚጠብቀው ማነው? ሌሊቱን በፓርኪንግ ጋራዥ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ በደረሰኝ ጀርባ ላይ የሚጽፍ ሰው ነው። አዛውንት ስትንከባከብ ውላ፣ ልጆቿን አስተኝታ፣ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሦስት ገጽ ለመጨረስ ሦስት ወር የፈጀባት ሴት ናት። እንዲህ ያለው ሰው በአማርኛ የጻፈውን ታሪክ ይዞ የሚሄድበት ሌላ በር የለውም ማለት ይቻላል። የአገሩ አሳታሚ ቋንቋውን አያነብም፤ አገር ቤት ያለው አሳታሚ ሩቅ ነው። አማርኛ አጭር ልቦለድን የሚያህል ቅርስ ያለው ቋንቋ ነው፤ ታደሰ ሊበን «መስከረም»ን በ1949 ዓ.ም.፣ «ሌላው መንገድ»ን በ1952 ዓ.ም. ካሳተመ ወዲህ ስንት ጸሐፊ በዚያ መንገድ ሄዷል። ስደት ላይ ግን መንገዱ እየጠበበ ይሄዳል።

በእንግሊዝኛ ለሚጽፉት በሩ ሰፋ ይላል። አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ በስደት አሜሪካ የገባችው ሜሮን ሃደሮ እ.ኤ.አ. በ2021 በአፍሪካ ጸሐፊዎች ዘንድ ትልቅ ስም ያለውን የኬን ሽልማት በአንድ አጭር ልቦለድ አሸንፋለች፤ ከሽልማቱ ጋርም 10,000 ፓውንድ ይሰጣል። ታሪኳ ስለ አንድ የአዲስ አበባ መንገድ ጠራጊ ልጅ ነው። ያን ሽልማት የሚወስኑት አምስት ዳኞች ናቸው። በአማርኛ የሚጽፈው የፓርኪንግ ሠራተኛ ግን ዳኛው ያ በፕላስተር የታሸገው ካርቶን ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ማን ቤት እንዳደረ መጠየቁ ተራ ነገር አይደለም።

ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ዘወትር የሚነሣ አንድ ሐሳብ አለ። «ሕዝብ በድምፅ ሲመርጥ ዘመዱን ነው የሚመርጠው፤ ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ አይደል? ድምፁ ይቅርና ሦስት የተማሩ ሰዎች ይፍረዱ» ይባላል። ሐሳቡ ሲሰሙት ያምራል። ነገር ግን ሁሉም ሁሉንም በሚያውቅበት ከተማ ውስጥ ሦስት ዳኞች በተሰየሙ ማግስት የሦስቱም የትውልድ መንደር፣ የቀድሞ ድርጅት፣ የክርስትና ልጆችና ያልተመለሰ ብድር ይቆጠራል። ዘመድ የሌለው ዳኛ በሐበሻ መካከል ከየት ይመጣል? የድምፅ ውድድር ደግሞ ዳኞች ሊያደርጉት የማይችሉትን አንድ ነገር ያደርጋል፤ ያስነብባል። ማንን ልምረጥ ብሎ አምስት ታሪክ ያነበበ የታክሲ ሾፌር፣ አንደኛ የወጣውን ብቻ ከሚያነብ ሰው በአራት ታሪክ ይበልጣል። ለብዙዎቹም ያ ከመጡ ወዲህ ያነበቡት የመጀመሪያ የአማርኛ ልቦለድ ሊሆን ይችላል። ይህን ትቶ ለሦስት ሰው ማስረከብ ጥቅሙ አይታይም።

ስደተኛ ለወገኑ ማድላቱም የሐበሻ ብቻ አመል አይደለም። የአውሮፓ የዘፈን ውድድር፣ ዩሮቪዥን የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በአምስት አገሮች የስልክ ድምፅ ሞክሮ በቀጣዩ ዓመት ለአብዛኞቹ አዳረሰው። ማንም ለሚኖርበት አገር ድምፅ መስጠት አይፈቀድለትም። ታዲያ በጀርመን የሚኖረው ቱርክ ለቱርክ ዘፈን ስልኩን ሲያነሣ ሕጉን አልጣሰም፤ የሚኖረው ጀርመን ነውና! ከጀርመን ወደ ቱርክ የሚሄደው ነጥብ በዓመታት ውስጥ መሳቂያም መነጋገሪያም ሆነ። አዘጋጆቹ የስደተኛውን ስልክ አልቆረጡበትም። ከ2009 ጀምሮ በፍጻሜው ግማሹን ነጥብ ለሙያ ዳኞች፣ ግማሹን ለሕዝብ አደረጉትና ሁለቱንም አቻቻሉት። ፍጹም መፍትሔ ባይሆንም ስደተኛን ከመሳደብ ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ግን ለአጭር ልቦለድ ውድድር አዘጋጆች ትምህርት የሚሆነው የሁጎ ሽልማት ታሪክ ነው። ሽልማቱ ለሳይንሳዊና ለምናባዊ ልቦለድ የሚሰጥ ሲሆን አጭር ልቦለድም የራሱ ዘርፍ አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1953 በፊላዴልፊያ ነው። ስሙን ያገኘው ከሁጎ ገርንስባክ ሲሆን ሰውየው በ1904 ከሉክሰምበርግ ወደ አሜሪካ የገባ ስደተኛ ነበር። በ1926 «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለ መጽሔት ጀመረ፤ የአንባቢያንን ደብዳቤ ከነአድራሻቸው ያትም ስለነበረም አንባቢዎቹ እርስ በርስ መጻጻፍ ያዙ። ከመጻጻፉ ማኅበራት ተወለዱ፤ ከማኅበራቱ ዓመታዊ ጉባኤ፤ ከጉባኤው ሽልማቱ። አንድ ስደተኛ ያሳተመው ርካሽ መጽሔት እዚህ ደርሷል ማለት ነው፤ በምግብ ቤት በር ላይ በነጻ የሚቀመጥ ጋዜጣን የሚንቅ ሰው ይህን ቢያስታውስ አይከፋም።

ሁጎን የሚመርጡት ሊቃውንት አይደሉም። ለዓመታዊው ጉባኤ የአባልነት ክፍያ የከፈለ አንባቢ ሁሉ ይመርጣል። ምርጫው ሁለት ዙር አለው። በመጀመሪያው ዙር እያንዳንዱ አባል በዓመቱ ከወጡት መካከል የወደዳቸውን ይጠቁማል፤ ብዙ ጥቆማ ያገኙት ለፍጻሜ ይቀርባሉ። በሁለተኛው ዙር መራጩ ዕጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በደረጃ ያስቀምጣል። በወረቀቱ ላይ ደግሞ «ማንም አይሸለም» የሚል አንድ ተጨማሪ ምርጫ አለ።

እ.ኤ.አ. በ2015 በዚህ ሽልማት ላይ የደረሰው በየትኛውም የሐበሻ ማኅበር ስብሰባ ላይ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው። ራሳቸውን «ያዘኑ ቡችሎች» እና «ያበዱ ቡችሎች» ብለው የሰየሙ ሁለት ቡድኖች (ስሙ የቀልድ ቢመስልም ጠቡ የምር ነበር) ሽልማቱ በፖለቲካ ለማይመስሏቸው ሰዎች እየሄደ ነው ብለው ተነሡ። የተዘጋጀ ዝርዝር አውጥተውም ደጋፊዎቻቸው ያንኑ እንዲጠቁሙ ጠሩ። ዘዴው የሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። የሌላው አንባቢ ጥቆማ በብዙ መቶ ታሪኮች ላይ ይበተናል፤ አንድ ዝርዝር የያዘ ጥቂት መቶ ሰው ግን ድምፁን አንድ ቦታ ያከማቻል። የአጭር ልቦለድ ዘርፍ ቦታዎች በሙሉ ከዝርዝሮቹ በመጡ ታሪኮች ተያዙ። ከመካከላቸው አንዲት ደራሲ ስሟ የጠብ መሣሪያ መሆኑን ስታይ ታሪኳን ከውድድሩ አወጣች። በማን ተጠቁሜ ነው የቆምኩት ብሎ የሚጠይቅ ተወዳዳሪ እምብዛም አይገኝምና ይህች ሴት ልትመሰገን ይገባታል።

ከዚያ በኋላ ወራት የፈጀ ጥበቃ መጣ። በዚያ ጥበቃ ውስጥ የአባልነት ክፍያ 40 ዶላር የከፈለው ሰው በዛ፤ ወደ 6,000 የሚጠጋ የድምፅ ወረቀት ገባ። በነሐሴ ወር 2015 እ.ኤ.አ. በስፖካን ከተማ ውጤቱ ሲነበብ በአምስት ዘርፎች ያሸነፈው «ማንም አይሸለም» ነበር። ከአምስቱ አንዱ አጭር ልቦለድ ነው። በዚያ ዓመት የምርጥ አጭር ልቦለድ ዋንጫ ማንም ወደ ቤቱ አልወሰደም። አዳራሹ ውስጥ ያጨበጨቡም ነበሩ፤ ማጨብጨቡን ያልወደዱም ነበሩ። በመጨረሻ የተጎዱት ግን ከሁለቱም ወገን ውጭ የሆኑ ጸሐፊዎች ናቸው። ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ሙሉው ቁጥር ሲታተም፣ ዝርዝሩ ባይመጣ ኖሮ ለፍጻሜ ይደርሱ የነበሩ ታሪኮች የትኞቹ እንደሆኑ በግልጽ ታየ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አዘጋጆቹ ያላደረጉት ነገር ነው። በቆጠራው መካከል ሕግ አልቀየሩም። የሚጠሉትን ሰው ድምፅ አልጣሉም። የቡድኖቹ አባላት 40 ዶላራቸውን ከፍለዋልና ድምፃቸው እንደማንም ተቆጠረ። የጥቆማው አቆጣጠር እንዲሻሻል የቀረበው ሐሳብ በዚያው ዓመት ጉባኤ ላይ ድጋፍ አገኘ፤ የጉባኤው ደንብ ማንኛውም ለውጥ በሁለት ተከታታይ ዓመታት እንዲጸድቅ ስለሚያዝ በ2016 እንደገና ጸድቆ በሥራ ላይ የዋለው በ2017 ነው። በንዴት መካከል ሁለት ዓመት መታገሥ ለሐበሻ ማኅበር ሊቀ መንበር የሚቻል ነገር ይመስላል?

ይህንኑ ሽልማት ከስምንት ዓመት በኋላ ሌላ ነገር አገኘው፤ የአሁኑ ደግሞ ከውስጥ ነበር። በ2023 ጉባኤው በቻይና ቼንግዱ ከተማ ተካሄደ። ሽልማቶቹ በጥቅምት ወር ተሰጡ፤ ዝርዝር ቁጥሩ ግን የወጣው ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ነው። ሲወጣም በቂ ጥቆማ ያገኙ ሥራዎችና ጸሐፊዎች «ለውድድሩ ብቁ አይደሉም» ተብለው ምክንያቱ ሳይነገር መውጣታቸው ታየ። ከእነዚህ አንዱ የአር. ኤፍ. ኩዋንግ «ባቤል» የተባለው ልቦለድ ነበር። በየካቲት ወር ሾልከው የወጡ ደብዳቤዎች ደግሞ አዘጋጆቹ ዕጩዎቹን «በቻይና ዘንድ የፖለቲካ ችግር ሊያስነሣ የሚችል ነገር ጽፈዋል ወይ?» እያሉ ይመረምሩ እንደነበር አጋለጡ። ከሳንሱር ሸሽቶ የመጣ የአገር ቤት ጋዜጠኛ ይህን ሲያነብ ግር የሚለው ነገር የለም። ማንም ሳያዝ፣ «ምናልባት እንዳይከፋቸው» ብሎ ቀድሞ የሚሠርዝ እጅ ከሁሉም የከፋ ሳንሱር መሆኑን ያውቀዋል። እዚህ ቡችሎች የሚባሉ የሉም፤ ሕዝቡ በትክክል መርጦ ነበር። የተበላሸው ሣጥኑ ከተዘጋ በኋላ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ተረኛዋ የስኮትላንዷ ግላስጎው ነበረች። ከተሰጡት 3,813 ድምፆች መካከል 377ቱ እውነተኛ ሰው የሰጣቸው እንዳልሆኑ አዘጋጆቹ ደረሱበት። አንድ ተወዳዳሪን ለመጥቀም የገቡ ነበሩ። አዘጋጆቹ ውጤቱ እስኪነገር አልጠበቁም፤ በሐምሌ ወር 2024 እ.ኤ.አ.፣ ከሥነ ሥርዓቱ ሳምንታት አስቀድመው፣ ስንት ድምፅ እንደሰረዙና በምን ምክንያት እንደሆነ በይፋ ተናገሩ። የተጠቀመበት ተወዳዳሪ ነገሩን ማወቁን የሚያሳይ ማስረጃ ስለሌለ ስሙን አልገለጹም፤ ከውድድሩም አላስወጡትም፤ የሐሰቱን ድምፅ ብቻ ቀነሱ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። ወሬ የሚወለድበት ክፍተት አልቀረም፤ ቁጥሩም ምክንያቱም አስቀድሞ አደባባይ ወጥቷልና።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሁሉ ከልቦለድ ውድድር ያለፈ ትርጉም አለው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ሕዝቡ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ ድምፁን ሰጠ። ከዚያ ጥበቃ መጣ። ውጤቱ ተራዘመ፤ አቤቱታና ዳግም ምርጫ ተከተለ፤ የመጨረሻው ቁጥር የተነገረው ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው። በሰኔ ወር 1997 እና በጥቅምት ወር 1998 ዓ.ም. አደባባይ ላይ በጥይት የወደቁትን በተመለከተ በፓርላማ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አባላት ከአገር ወጥተው ይፋ ያደረጉት የሟቾች ቁጥር 193 ነው። ዛሬ በዋሽንግተንም፣ በለንደንም፣ በፍራንክፈርትም ከሚኖሩት ጋዜጠኞች መካከል ከዚያ ጥበቃ የተነሣ የተሰደዱ አሉ። የአንድ ሕዝብን ዕድል ከልቦለድ ውድድር ጋር ማነጻጸር ድፍረት ነው ሊባል ይችላል። ግን «ውጤቱ በቅርቡ ይገለጻል» የሚለውን ቃል ሲሰማ ሰውነቱ የሚሸማቀቅ ሕዝብ ካለ ይህ ሕዝብ ነው። ሣጥን ያዘጋጀ ሰው፣ የሚያዘጋጀው ለማን እንደሆነ ማወቅ አለበት።

የሚያስገርመው፣ ይህ ሕዝብ በአደራና በግልጽነት ነገርን መጨረስ ያውቅበታል። ዕቁብን ማየት ይበቃል። ዕቁብ በወር ብዙ ሺህ ዶላር ያንቀሳቅሳል፤ ውል የለው፣ ጠበቃ የለው። ነገር ግን ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ዕጣው በሁሉም ፊት ተጠቅልሎ በሁሉም ፊት ይወጣል፤ ስሙ ወዲያው ይነበባል፤ ይጻፋል። ዕጣውን ኪሱ ከትቶ «ነገ እነግራችኋለሁ» ብሎ የሚሄድ የዕቁብ ዳኛ ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም፤ ቢሞክር ደረጃውን አይወርድም። ታዲያ ያው ሰው የልቦለድ ኮሚቴ ሲሆን ለምንድነው ካርቶኑን መኪናው ኋላ ጭኖ የሚሄደው? የጥንቶቹ አቴናውያን እንኳ የትያትር ውድድራቸውን የሚፈርዱ ዐሥር ዳኞች ከዐሥሩ ነገዶቻቸው አንድ አንድ በዕጣ ያወጡ ነበር፤ ከዐሥሩም ድምፅ የአምስቱ ብቻ፣ ያውም በዕጣ፣ ይቆጠር ነበር። ማንም ዳኛ የእሱ ድምፅ ትቆጠር አትቆጠር አያውቅምና ጉቦ ሰጪው ገንዘቡን የት እንደሚያፈስስ ይቸግረዋል። ከነገድ ጋር የተያያዘ ጣጣ ያለበት ሕዝብ ይህን ዘዴ ቢያስብበት ደስ ይላል።

የዘመድ ድምፅን በተመለከተ ከሁጎ የሚወሰደው ትልቁ ነገር በደረጃ መምረጥ ነው። ለምሳሌ አራት ታሪኮች ቀርበው 100 ወረቀት ቢገባ፣ አንደኛው ታሪክ ብዙ ዘመድ ስላለው 34 የመጀመሪያ ምርጫ ያገኛል፤ ሁለተኛው 28፤ ሦስተኛው 20፤ አራተኛው 18። በተለመደው አቆጣጠር ባለ 34ቱ አሸነፈ ተብሎ ኬክ ይቆረጣል፤ 66 ሰው ግን እሱን አልመረጠም። በደረጃ አቆጣጠር አራተኛው ይወጣና የእሱ 18 መራጮች ሁለተኛ ያሉት ማን እንደሆነ ይታያል። 2ቱ ለአንደኛው፣ 11ዱ ለሁለተኛው፣ 5ቱ ለሦስተኛው ቢሆን፣ ውጤቱ 36፣ 39 እና 25 ይሆናል። አሁን ሦስተኛው ይወጣል፤ ከእሱ 25 ድምፅ 5ቱ ለአንደኛው፣ 20ው ለሁለተኛው ቢሄድ 41 ለ59 ይሆንና ባለ ብዙ ዘመዱ ይሸነፋል። ዘመድ ዘመዱን አንደኛ ማለቱን ማንም አልከለከለውም። ነገር ግን የሌሎቹን ሁለተኛ ምርጫ ለማግኘት ታሪኩ ዘመድ ላልሆነ ሰውም መጣም አለበት። ደግሞም ሁለተኛና ሦስተኛ ለመጻፍ ሌሎቹን ማንበብ ግድ ነው። የአክስቱን ልጅ አንደኛ ካለ በኋላ ቀሪውን ሳያነብ በዘፈቀደ የሚሞላም ይኖራል፤ ያው የእሱ ዓይነት ሰው በየትኛውም አቆጣጠር ይኖራል።

«ማንም አይሸለም» የሚለው መስመርም ቢጨመር ክፋት የለውም። በሐበሻ ይሉኝታ ማንም ደፍሮ የሚመርጠው አይመስልም፤ ግን እዚያ መኖሩ ብቻ ግማሹን ታሪክ ከመጽሐፍ ገልብጦ የሚያመጣውን ያስፈራዋል።

የነጻ ጋዜጣው ነገር ትንሽ ያስቸግራል። ድምፅ ሰጪው ስምና ስልክ ይጻፍ ቢባል ብዙው ሰው ይሸሻል፤ የመኖሪያ ወረቀቱ ያላለቀለት ሰው ስሙን ካርቶን ውስጥ አይጥልም፣ እውነቱን ነው። የሚሻለው ወረቀቱን በጋዜጣው ላይ ማተም ትቶ በምግብ ቤቱ ማኅተም ተመትቶ ከሒሳብ ጋር ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ መስጠት ነው። ኃምሳ ድምፅ የፈለገ ሰው ኃምሳ ጊዜ ይብላ፤ ምግብ ቤቱም ይጠቀማል።

ታሪኮቹ ቆጠራው እስኪያልቅ ያለ ጸሐፊው ስም፣ በቁጥር ብቻ ቢታተሙም ጥሩ ነው። እርግጥ የጸሐፊው እናት ለመላው ከተማ ከመንገር አትቦዝንም። ቢሆንም በሌላ ከተማ ያለው አንባቢ ስሙን አይቶ አገሩንና ወገኑን ከመገመት ይድናል፤ የመጀመሪያውን አንቀጽ ሳያነብ በስም ብቻ ፍርዱን የሚጨርስ ሰው ደግሞ ጥቂት አይደለም።

ጥሩ ጸሐፊ መሸነፍን ይችላል። ሌሊት በጋራዥ ዳስ ውስጥ ያለው ሰው 12 ድምፅ አግኝቶ አራተኛ ወጥቷል ቢባል፣ 12 የማያውቃቸው ሰዎች ታሪኩን ወደውታል ማለት ነውና ያችን 12 ይዞ ሁለተኛ ታሪክ ይጀምራል። የማይችለው ቁጥሩን አለማወቅ ነው። አብዛኞቹ ውድድሮች አሸናፊውን ብቻ ይናገራሉ፤ «ሌሎቹ እንዳይከፋቸው ነው» ይባላል። ለሁለት ወር ዝም ተብሎ ከተጠበቀ በኋላ ስሙ ሳይጠራ የቀረ ሰው የሚከፋውን ያህል በ12 ድምፅ አይከፋም። ስንት ወረቀት እንደገባ፣ ስንቱ እንደተሰረዘና ለምን፣ እያንዳንዱ ታሪክ ስንት እንዳገኘ መታተም አለበት።

ቆጠራውም ሣጥኑ በተከፈተበት ምግብ ቤት፣ ሣጥኑ በታሸገ በማግስቱ፣ ሰው ባለበት ሰዓት ይደረግ፤ ተወዳዳሪዎቹ ይጠሩ፤ ከመጡት መካከል በዕጣ የወጡ ሦስት ሰዎች ወረቀቱን ጮክ ብለው ያንብቡ። ሁለት ሰዓት አይፈጅም። የቆጠራው ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ከድምፅ መስጫው ሕግ ጋር ገና በመጀመሪያው ታሪክ ሥር ቢታተም የሚይዘው ቦታ ከአንድ የቡና ቆይ ማስታወቂያ አይበልጥም።